አስተማሪውን ማን ያስተምረው?

ዕውቀትና ሥራ ተለያይተው ሲቆሙ ሁለቱም ይጎዳሉ። ከሥራ የተነጠለ ዕውቀት የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ከዕውቀት የተነጠለ ሥራም የጉልበት ድካም ከመሆን አያልፍም። ይህን እውነት የሚክድ የትምህርት ባለሙያ ዛሬ አይገኝም። ንድፈ ሐሳብና ተግባር መዋሐድ አለባቸው የሚለው ዐረፍተ ነገር ያልተነበበበት የመክፈቻ ንግግር፣ ያልሰፈረበት የሥርዓተ ትምህርት መግቢያ የለም ለማለት ይቻላል። በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ይሰጥበት ቢባል እጁን የማያወጣ አይኖርም። ችግሩ የሚጀምረው ስብሰባው ተበትኖ እጁን ያወጣው ሰው ወደ መማሪያ ክፍሉ ሲገባ ነው። እዚያ መምህሩ ይናገራል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተናው ቀን የተገለበጠው ተመልሶ ይገለበጣል። ፓምፕ ሳይፈታ፣ ሽቦ ሳያያይዝ፣ አፈር ጨብጦ ሳይመረምር አምስት ዓመት ያልፍና ወጣቱ መሐንዲስ ተብሎ ይመረቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ተማሪው ለምን አይሠራም የሚል አይደለም። በዚህ ረገድ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰን ነው። ተማሪውን በፕሮጀክት አማካይነት ሊያሠራ የሚገባው የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ራሱ እንዴት ይሠልጥን? ለውይይታችን መነሻ የምናደርጋትም የሐዋሳን ከተማ ነው።

ሐዋሳን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። የዩኒቨርሲቲዋ መሠረት የተጣለው በ1968 ዓ.ም. በእርሻ ኮሌጅነት ሲሆን፣ ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የከተማዋን ስም ያዘ። ከዚህ የታሪክ ጉዞ አንድ ቁም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የእርሻ ትምህርት በባሕርይው ከማሳ ተነጥሎ ሊቆም አይችልም። ስለ በቆሎ የሚማር ሰው የበቆሎ ማሳ ያስፈልገዋል፤ ይህን ማንም አይከራከርበትም። የምሕንድስና ትምህርት በተከፈተበት ቦታ ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ ተገቢ መልስ ሳያገኝ ይቆያል። የመሐንዲሱ ማሳ የት ነው?

የመሐንዲሱ ማሳ ሐዋሳ ውስጥ ከግቢው በር ውጭ ይጀምራል። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ እየፈሰሰ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። በመሆኑም ከተራሮቹ ታጥቦ የሚወርደው አፈር፣ ከከተማውና ከፋብሪካው ሳይጣራ የሚያመልጠው ፍሳሽ ሁሉ መጨረሻው እዚያው ነው። ቀድሞ ሐይቅ የነበረው ጨለለቃ በደለል ተሞልቶ ወደ ረግረግነት ተለውጧል። የሐይቁ ውሃ ከፍ ባለባቸው ዓመታት ከተማይቱን ስለተፈታተነ በዳርቻው መከላከያ ግድብ ተሠርቷል። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበትና ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተብሎ የተነደፈ የማጣሪያ ጣቢያ ያለው ነው። ከከተማው ወጣ ሲባልም እንሰቱን በእጅ የምትፍቀው እናት፣ ቡናውን አጥቦ ውሃውን ወደ ጅረት የሚለቀው ጣቢያ፣ ጎጆውን ያለ መብራት የሚያድር ቤተሰብ አለ። የውሃ ልክ ስሌት፣ የአፈር ጥበቃ፣ የኬሚካል ምሕንድስና፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የማሽን ጥገና፣ ሁሉም በግማሽ ቀን የመኪና ጉዞ ክልል ውስጥ ተዘርግተው ይገኛሉ። የጠፋው ማሳው አይደለም። የጠፋው ተማሪውን ይዞ ወደ ማሳው ለመውጣት የሠለጠነ አስተማሪ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱን በአስተማሪው ትከሻ ላይ ለመጣል እንደማንሻ ሊሰመርበት ይገባል። ሁኔታው ታሪካዊ ምክንያት አለው። ከ2001 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶ የሚሆኑት በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስኮች እንዲመደቡ የሚያዝ ፖሊሲ ሥራ ላይ ዋለ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆኑ። ሕንፃ በሲሚንቶና በብረት በሁለት ዓመት ሊቆም ይችላል፤ አስተማሪ ግን በሁለት ዓመት አይቆምም። ስለዚህ በሰኔ የተመረቀው ወጣት በመስከረም ረዳት ምሩቅ ተብሎ ሰሌዳው ፊት ቆመ። አምና ከተቀመጠበት ወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ወደ ፊት ተራመደ እንጂ ሌላ የተጓዘው መንገድ አልነበረም። ያልተሰጠውን ሊሰጥ አይችልም፤ ያልተሠራበትን ሊያሠራበት አይችልም። ትናንት ከገለበጠው ደብተር ዛሬ ቢያስገለብጥ የሚያስገርም አይደለም።

እኛ ራሳችን ከዚህ ሕመም ነፃ አይደለንምና ግለ ሂሱን ከራሳችን እንጀምራለን። ወደ ጋዜጠኝነት ከመዞራችን በፊት የቴክኒክ ትምህርት እንድንከታተል ወደ ውጭ አገር ተልከን ነበር። በመጀመሪያው መንፈቅ ለስድስት ተማሪዎች አንድ ሥራ ተሰጠን። በኮረብታ ላይ ላለች መንደር ከሥሯ ካለው ምንጭ ውሃ አውጡላት ተባልን። አሠልጣኛችን ቀመር እንዲሰጠን ጠየቅነው፤ እሱ ግን ጥያቄ መለሰልን። «ምንጩ በደረቁ ወር ስንት ሊትር ይሰጣል? ማንስ ለካው?» አለን። ሰውየው ሙያውን አያውቀውም ብለን ለበላዩ አቤት አልን። ከመጽሐፍ ባገኘነው አኃዝ ፓምፑንና ቧንቧውን አስልተን የሚያምር ሥዕል አቀረብን። እሱም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ከነባልዲያችን ወደ ምንጩ ወሰደን። በሰዓት ይዘን ስንለካው ምንጩ የሚሰጠው ውሃ እኛ ከጻፍነው ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ሥዕላችን እዚያው ሞተ። በኋላ እንደተረዳነው የዚያ ሰው ዝምታ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የተማረው ሙያ ነበር። ተማሪ እንዲመራ ከመፈቀዱ በፊት እርሱ ራሱ አንድ ሙሉ መንፈቅ ከባልደረቦቹ ጋር በተማሪነት ተቀምጦ፣ አጥፍቶና ተተችቶ ያለፈ ነበር።

ወደ አገራችን ተመልሰን ደግሞ ሌላ ነገር አየን። በአንድ የገጠር ቀበሌ የእጅ ፓምፕ ተበላሽቶ ሴቶቹ ወደ ወንዝ ወርደው ይቀዱ ነበር። እኛና አብሮን የነበረው መሐንዲስ የውሃውን ግፊት በወረቀት ላይ ልናሰላ እንችል ነበር፤ ፓምፑን ግን ከየት ጀምረን እንደምንፈታው አላወቅንም። ብስክሌት የሚጠግን አንድ ወጣት መጥቶ ቡሎኖቹን ፈታ፤ ያለቀውን ማሸጊያ አወጣ፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ ሌላ አበጀለት። ውሃው መጣ። ወጣቱ ማሸጊያው ለምን ያን ያህል ቶሎ እንዳለቀ ግን ሊነግረን አልቻለም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ፓምፑ እንደገና መቆሙን ሰማን። እኛ ምክንያቱን ልናውቅ የሚገባን እጅ የሌለን፣ እርሱ እጅ ያለው ምክንያቱን ያልተማረ ሆነን ተፋጠጥን። በአገራችን የምሕንድስና ትምህርት ውስጥ ያለው መሠረታዊ ቅራኔ በዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ነበር።

በሥራ አማካይነት መማር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚሉ አሉ። ይህ የራስን ቤት ካለማወቅ የሚመጣ ስሕተት ነው። በቅኔ ቤት አንድ ተማሪ የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ በቃሉ ቢያከማችም ቅኔ ያውቃል አይባልም። የራሱን ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ማቅረብ አለበት፤ መምህሩም ያርመዋል፤ ያፈርሰዋል፤ እንደገና ያስቆጥረዋል። ነባሩ ተማሪ ታናሹን እየረዳና እያስቆጠረ ያድጋል። የመምህርነት ማዕረግ ላይ የሚደርሰውም እየሠራና እያሠራ እንጂ ስለ አስተማሪነት ንግግር ሰምቶ አይደለም። እንግዲህ የአስተማሪ ማሠልጠኛው በትምህርቱ ውስጥ የተሠራ ነው። የቅኔው መምህር ያወቀውን የምሕንድስናው መምህር ሊዘነጋው አይገባም።

ሌላው የታሪካችን ምሳሌ ማስጠንቀቂያም ያዘለ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ የማቅለጥ ሙያ ይዘው የመጡ አልነበሩም። ታዘዙ፤ ሞከሩ፤ ከሸፈባቸው፤ ምድጃውን ለውጠው ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ መድፍ ተሠራ። በግዳጅ የተፈጸመ ቢሆንም አስተማሪው ከተማሪው ጋር አብሮ የተማረበት ታላቅ ፕሮጀክት ነበር። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲወድቁ የጋፋት ሥራም አብሮ ቆመ። መድፉ በአምባው ላይ ቀረ፤ መድፍ ሠሪ የሚያፈራ ትምህርት ቤት ግን አልቀረም። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። የሚቀጥለውን አስተማሪ ያላፈራ ፕሮጀክት፣ ምንም ያህል ግዙፍ ዕቃ ቢያስገኝ፣ ከዕቃው ጋር ያበቃል።

የሌላውን ዓለም ተሞክሮ ስንመረምርም ሁለት መንገድ እናገኛለን። በዴንማርክ አገር እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ከጅምሩ ትምህርቱን በቡድን ፕሮጀክት ላይ አቆመ። ተማሪዎች በየመንፈቁ በቡድን ሆነው አንድ ችግር ይይዛሉ፤ የሚሰጣቸው ንግግርና የሚያነቡት መጽሐፍም ከጊዜያቸው የራሱ ድርሻ አለው። በ2014 እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዩኔስኮ ጥላ ሥር ለምሕንድስና ትምህርት የሚያገለግል ማዕከል ተቋቁሟል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም መንገዱ አልጋ በአልጋ እንዳልነበረ መታወቅ አለበት። የአገሪቱ መንግሥት የቡድን ፈተናን ለጥቂት ዓመታት ከልክሎ ነበር፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ነው የተመለሰው። በቡድን የተሠራን ሥራ ለግለሰብ እንዴት መመዘን ይቻላል የሚለው ጥያቄ በሀብታም አገርም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሶቪየት ኅብረት ታሪክ የሚገኝ ነው። በ1920ዎቹ እዚያ «የብርጌድ ላቦራቶሪ» የተባለ ዘዴ ተስፋፍቶ ነበር። ተማሪዎች በቡድን ይመደባሉ፤ አንዱ ስለ ሁሉም ይመልሳል፤ ውጤቱ ለሁሉም ይሰጣል። በወረቀት ላይ የኅብረት ሥራ መንፈስን የሚያዳብር መሰለ። በተግባር ግን አንዱ ሲሠራ ሌሎቹ በስሙ አለፉ፤ አስተማሪውም ከመሪነት ወደ ተመልካችነት ወረደ። በ1932 መንግሥት ዘዴውን አውግዞ ሻረውና የግል ፈተናና መደበኛ ትምህርት ተመለሰ። ኦልቦርግ የቆመበትን፣ የብርጌዱ ዘዴ የወደቀበትን ምክንያት ስናነጻጽር ብዙ ነገሮች ይገኛሉ፤ ከሁሉም ይበልጥ ጎልቶ የሚታየን ግን የአስተማሪው ቦታ ነው። ፕሮጀክት አስተማሪ የማያስፈልገው ትምህርት አይደለም። ከንግግር ይልቅ የበለጠ የተዘጋጀ አስተማሪ የሚጠይቅ ትምህርት ነው።

ይህ ከሆነ ሥልጠናው ምን መምሰል አለበት? የተለመደውን እናውቃለን። አሠልጣኝ ይመጣል፤ ሆቴል ይከራያል፤ ለሦስት ቀን «ተማሪ ተኮር ትምህርት» በሚል ርዕስ አስተማሪን ያተኮረ ንግግር ይደረጋል፤ ሻይ ይጠጣል፤ የምስክር ወረቀት ይታደላል። በተግባር ስለ መማር በወንበር ላይ ተቀምጦ መስማት ስለ ዋና በመሬት ላይ ከመማር አይለይም። በአንጻሩ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረውና ኤች.ዲ.ፒ. በሚል ስም የሚታወቀው የመምህራን የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና ዓመት የሚፈጅና መምህሩ የራሱን ክፍል እንዲመረምር የሚጠይቅ በመሆኑ ሊጠናከር የሚገባው መሠረት ነው። ነገር ግን የተዘጋጀው ለሁሉም ዓይነት መምህር ስለሆነ የመሐንዲሱን ልዩ ጥያቄ ብቻውን ሊመልስ አይችልም። በላዩ ላይ ሊገነባበት ይገባል። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የምሕንድስና አስተማሪው ተማሪውን በፕሮጀክት ከማስተማሩ በፊት እርሱ ራሱ አንድ መንፈቅ ሙሉ በፕሮጀክት ይማር።

ተጨባጭ ምሳሌ እንስጥ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ አካባቢዎች የጉድጓድ ውሃ ከፍተኛ ፍሎራይድ ይገኝበታል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚህ እጅግ የበለጠውን ለዓመታት የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል፤ መገጣጠሚያ ይታሰራል። ይህ በመጽሐፍ የሚነበብ ሳይሆን በገበያ ቀን በሰው ፈገግታ ላይ የሚታይ ነው። እንግዲህ ከሲቪል፣ ከኬሚካልና ከኤሌክትሪክ ክፍሎች አንዳንድ አስተማሪ፣ ከወርክሾፑ አንድ ቴክኒሺያን ጨምሮ፣ በአንድ ቡድን ይመደቡ። ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሚሆን የፍሎራይድ ማጣሪያ እንዲሠሩ ይታዘዙ።

ቡድኑ ሥራውን ሲጀምር ሁለት የታወቁ መንገዶች ያገኛል። አንደኛው በሕንድ አገር የተስፋፋው የናልጎንዳ ዘዴ ሲሆን አሉምና ኖራ ውሃው ውስጥ ጨምሮ፣ አማስሎ፣ አዝቅጦ የሚያጣራ ነው። ሁለተኛው ውሃውን በከሰለ አጥንት ውስጥ ማሳለፍ ነው። ሁለቱም በወረቀት ላይ ይሠራሉ። ከወረቀት ሲወጡ ግን ጥያቄዎቹ ይመጣሉ። አሉሙን በየወሩ ማን ይገዛል? ልኩን ማን ይሰፍራል? ከታች የሚቀረው በፍሎራይድ የተሞላ አተላ የት ይደፋል? መውጫ በሌለው ሐይቅ ተፋሰስ ውስጥ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በአጥንት ይሁን ቢባል ደግሞ የመንደሩ ሽማግሌ «አጥንቱ የምን እንስሳ ነው? ማንስ ባረደው?» ብለው ይጠይቃሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን የመጠየቅ መብት አለው። ይህ ጥያቄ በየትኛውም የቀመር መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ሳይመለስ ቢቀር ግን ማጣሪያው ይቆማል፤ ልጆቹም ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ። አስተማሪው እንዲህ ያለውን ግድግዳ በራሱ ግንባር ገጭቶ ካላወቀው ተማሪው ሲገጨው የሚለው አይኖረውም።

ከዚህ ዓይነቱ ሥልጠና አስተማሪው ሦስት ሙያዎች ይዞ መውጣት አለበት። የመጀመሪያው ችግር የመምረጥ ሙያ ነው። ሁሉም ችግር ለትምህርት አይሆንም። በአንድ መንፈቅ የሚያልቅ፣ የታቀደውን ዕውቀት ግድ የሚጠይቅ፣ ቢከሽፍ ሰው የማይጎዳ መሆን አለበት። ሁለተኛው የመጠየቅ ሙያ ነው። ቡድኑ ሲጨነቅ መልሱን ከመወርወር ታቅቦ፣ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ደግሞ በጊዜው ገብቶ፣ አደጋ ሲያይ ወዲያው የማስቆም ሙያ ነው። መቼ ዝም እንደሚባል ማወቅ መቼ እንደሚነገር ከማወቅ ይከብዳል። ሦስተኛው የመመዘን ሙያ ነው። የብርጌዱ ዘዴ የወደቀው እዚህ ላይ ነበርና ቡድኑ ሥራውን በጋራ ካቀረበ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ጓደኛው ያሰላውን ሊያስረዳ ይገባል። ያን ጊዜ በስም ብቻ ያለፈው ይለያል፤ በጸጥታ የደከመችው ልጅም ድካሟ ይታያል።

የሚቀርቡብንን ተቃውሞዎች አናልፋቸውም። የመጀመሪያው፣ ተማሪው መሠረታዊ ዕውቀት ሳይኖረው ምን ይሠራል? የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሒሳብና ፊዚክስ ተትተው በመዶሻ ብቻ መሐንዲስ ይሁን የሚል ካለ እኛ ከርሱ ጋር አይደለንም። የብስክሌት ጠጋኙን ወጣት እናስታውስ፤ እጅ ብቻውን አልበቃውም። እኛ የምንለው ሰሌዳው ይፍረስ ሳይሆን ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቀመር ከሚመልሰው ጥያቄ ጋር ይገናኝ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከፈተና ይነሣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ጊዜው በፕሮጀክት ካለቀ ፈተናውን ማን ያልፋል? ይባላል። ስጋቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። በፈተናው ለወደቀ ወጣትና ለወላጆቹ ጉዳዩ የእንጀራ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ከፈተናው ጎን የሚሄድ ተጨማሪ ሸክም ሆኖ መጨመር የለበትም። በየኮርሱ ውስጥ ገብቶ፣ ከሚሸፈነው ርዕስ ከፊሉን ተሸክሞ መሄድ አለበት። ይህን ማስላት ደግሞ የሠለጠነ አስተማሪ ሥራ ነው፤ ክርክራችን ወደ ተነሣበት ይመለሳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአስተማሪው የሚመጣ ሲሆን ከሁሉም ይከብዳል። «ስልሳ ተማሪ ሰጥታችሁኝ፣ ዕድገቴን በታተመ ጽሑፍ ቆጥራችሁ፣ ዕቃ ስጠይቅ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ብላችሁኝ እንዴት ፕሮጀክት ላሠራ?» ይላል። ትክክል ነው። በጥቂት ብር የሚገዛ ቡሎን በግዢ ክፍል በኩል ተጉዞ፣ በሞዴል 19 ገብቶ፣ በሞዴል 22 እስኪወጣ መንፈቁ ያልቃል። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ያለ ወርክሾፕ፣ ሰው እንዳይነካው ላስቲክ የለበሰ ማሽን በየቦታው ይታያል። ማሽን ከእጅ ሲጠበቅ ዝገት ይበላዋል፤ ተማሪም ከማሽን ሲጠበቅ እንዲሁ። አስተማሪውን አሠልጥኖ ወደዚህ ሁኔታ መልሶ መላክ ዘር አበጥሮ በድንጋይ ላይ መዝራት ነው።

ስለሆነም ሥልጠናው ብቻውን እንዳይቀር አብረው ሊሄዱ የሚገባቸውን እናመለክታለን። ፕሮጀክት መምራት በሥራ ሰዓትነት ይቆጠር፤ ለማዕረግ ዕድገትም እንደ ታተመ ጽሑፍ ይመዘን። ለየቡድኑ በአስተማሪው ፊርማ የሚወጣ አነስተኛ የዕቃ ገንዘብ ይመደብ፤ በመንፈቁ መጨረሻም ሒሳቡ ይመርመር። ቴክኒሺያኑ ቁልፍ ያዥ ተብሎ መቅረቱ ይብቃ፤ ብየዳውን፣ ቶርኖውን፣ የሽቦውን ሥራ የሚያስተምረው እርሱ ነውና በአስተማሪነቱ ይከበር። በምሕንድስና ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ያለው የአንድ መንፈቅ የሥራ ልምምድም ተማሪውን ብቻ ሳይሆን በየተራ አስተማሪውን ወደ ፋብሪካ የሚያስገባ ይሁን። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ አንድ ክረምት የሠራ መምህር ስለ ፍሳሽ ሲያስተምር አነጋገሩ ሌላ ይሆናል። ፋብሪካ ሊዘጋ ሊከፈት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አገራችን ከአሜሪካ የአጎዋ የንግድ ዕድል ስትወጣ በፓርኩ የደረሰውን መናጋት አይተናል። በአስተማሪው ራስና እጅ የገባ ሙያ ግን ከገበያው ጋር አይሸሽም።

ከሁሉ በላይ ዳኛው ይለወጥ። ዛሬ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚቀርበው ለአስተማሪዎች ብቻ ነው፤ ከዚያም ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። አምና ከተጠረዘው ተገልብጦ ዘንድሮ ቢቀርብ የሚያውቅ የለም። በአንጻሩ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎች ላይ ያደረጉትን ጥረት የመሰለ ሥራ ዳኛው ማን ነው? ዕድሜዋን በሙሉ በቀርከሃ መፋቂያ ቆጮ ስታዘጋጅ የኖረችው እናት ናት። መሣሪያው ቃጫውን ቢበጣጥስ፣ ቡላውን ቢያባክን፣ ቁመቱ ወገቧን ቢያሳምም በአንድ ቃል ትፈርዳለች። ከርሷ ፊት የተገለበጠ ጽሑፍ አያልፍም። አስተማሪዎቹም በሥልጠናቸው መጨረሻ በእንዲህ ያለው ሸንጎ ፊት ይቅረቡ። ዲግሪ ያለው ሰው ዲግሪ በሌለው ሰው ፊት ቆሞ ሥራውን ሲከላከል የሚሰማው እፍረት ካለ ያ እፍረት የትምህርቱ አካል ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ይፈጸማል ብለን አንመጻደቅም። በአንድ ክፍል፣ በስምንት ወይም በአሥር አስተማሪዎች ይጀመር። እነዚያ የሚቀጥሉትን ያሠልጥኑ፤ የተሳሳቱትን በሂስ መድረክ ላይ በግልጽ ያቅርቡ። የሥልጠናው መለኪያም የታደለው የምስክር ወረቀት ብዛት አይሁን። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ትምህርት ቤት ግቢ ያለው ማጣሪያ ውሃ ይሰጣል ወይስ ቆሟል? ቢቆምስ የሚጠግነው ተማሪ አለ ወይስ የለም? መለኪያው ይህ ነው።

የእርሻ ኮሌጁ በሐዋሳ ሲመሠረት ገበሬውን ለማስተማር የመጣ ሁሉ በመጀመሪያ ማሳ ውስጥ መግባት እንዳለበት ማንም አልተጠራጠረም። የመሐንዲሱ አስተማሪም እንዲሁ ይግባ። ማሳው በሩ ላይ ነው፤ ጥቁር ውሃ ይፈስሳል፤ ሐይቁ ይጠብቃል፤ ልጆቹም ያንን ውሃ ዛሬም ይጠጣሉ። አስተማሪውን ማን ያስተምረው ብለን ለጀመርነው ጥያቄ መልሳችን ይኸው ነው። ሥራው ያስተምረው፤ ሕዝቡ ይፍረድለት፤ እርሱም ሌላውን ያስተምር እንላለን።